የድልድዩ መሀል

ለእታለም፣

ሰላምታዬ ደጅሽ እስኪደርስ ጤና አይለይሽ። እኛ ደህና ነን፤ ባለቤቴም ደህና ናት።

ትናንት እንደየዓመቱ ወደ አሮጌው የባቡር ድልድይ ሄድን። ወጉን ታውቂዋለሽ፤ ባልና ሚስት ከሁለቱ ጫፍ ተነስተው መሀሉ ላይ ይገናኛሉ። መሀሉን የሳቱ ዕድሜ አይጠግቡም ይባላል። እኔ የብረት መደገፊያውን ይዤ ቀስ ብዬ ተራመድኩ። መሀሉ ጋ ስደርስ የለችም። እርምጃዬን ላለመቁጠር ወንዝ ወንዙን እያየሁ አለፍኩ። ከተነሳችበት ጫፍ ሦስተኛው መብራት ሥር ተደግፋ ቆማ አገኘኋት።

«ሮጠህ መጣህ አይደል? አንተ አጭበርባሪ!» አለችኝ፣ ትንፋሿን እየሰበሰበች።

«ጫማሽ ነው ያስቸገረሽ» አልኳት።

«ለከርሞ እኔ ቁጭ እላለሁ፤ የሁለታችንንም መንገድ አንተ ትሄዳለህ።»

እሺ አልኳት። ምን ልበል?

ሌላ ወሬ የለም። ሐኪሙ መድኃኒቱ ይቅር፣ ያሻትን ትብላ ብሏል፤ ከመመላለስ ተገላገልን። ሰማያዊ ሹራቧን አጥባና አጣጥፋ ላንቺ አስቀምጣለች፤ ሙቀቱ ነው መሰለኝ። በዓመቱ መጨረሻ እመጣለሁ ያልሽውን ግን፣ እታለም፣ በዚህ ወር ብታደርጊው ጥሩ ነው። ባቡሩ አሁን ሰው አይበዛበትም።

ናፋቂሽ ታናሽ ወንድምሽ