ዝሆኖችን ከመኪና ያላመዱት የአባ ቀስ የሕይወት ታሪክ

በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ «አባ ቀስ»፣ በእኛ በታናናሾቻቸው ዘንድ ደግሞ «ጋሼ» እየተባሉ የሚጠሩት ታላቅ ወንድማችን፣ ከአባታቸው ከግሬደር ሹፌሩና ከእናታቸው ከልብስ ሰፊዋ፣ ከስልሳ ስድስት ዓመት በፊት በመንገድ ሠራተኞች ካምፕ ውስጥ ተወለዱ። ካምፑ አንድ ረድፍ የቆርቆሮ ቤት ነበር። ከመጨረሻው ቤት ጀርባ ሜዳው ይጀምራል፤ ዓይን እስኪደክም ቢጫ ሣር፣ አልፎ አልፎ ግራር። አባታችን ደልድለውት የገቡት አፈር ላይ አውሬ ሲመላለስበት ያድራል። ጋሼም ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት የጎሹን፣ የቀጭኔውንና የዝሆኑን ዱካ ለይተው ያውቁ ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በካምፑ፣ ሁለተኛ ደረጃን ከተማ አጎታችን ዘንድ ተቀምጠው አጠናቀቁ። ከተማው ግን አልተስማማቸውም። በሃያ አንድ ዓመታቸው ተመልሰው በዱር እንስሳት ፓርኩ በጥበቃ ሠራተኛነት ተቀጠሩ። እናታችን «ልጄ ተምሮ ተምሮ የጅብ ዘበኛ ሆኖ ቀረ!» እያሉ ለጎረቤት ሲያማርሩ እሳቸው በሳቅ ይፈርሱ ነበር። ያኔ ሳቂታ ነበሩ። በኋለኛው ዘመናቸው ብቻ የምታውቋቸው ይህን ማመን ይከብዳችኋል።

በሃያ ስምንት ዓመታቸው የፓርኩን ክሊኒክ ነርስ አግብተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ።

ስማቸውን ያስጠራውን ሥራ የጀመሩት ከሠርጋቸው በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የፓርኩ ዝሆኖች የሞተር ድምፅ ገና ከሩቅ ሲሰሙ እግሬ አውጪኝ ይሉ ነበር። ከስንት አገር የመጣ ጎብኚ አቧራና የዝሆን ጀርባ አይቶ ይመለሳል። የፓርኩ ኃላፊ ዝሆኖቹን ከመኪና እንዲያላምዱ ጋሼን መደቧቸው። ጋሼ ሁልጊዜ በአንድ ግራጫ ፒክአፕ ይወጣሉ። የመኪናው በር እንዳይጮህ በገመድ አሰሩት፤ ሞተሩን ጨርሶ አያጠፉም፤ የደረቀው ወንዝ ዳር ቆመው፣ ዝሆኖቹ አሸዋ ቆፍረው ውኃ ሲያወጡ ከሩቅ ያያሉ። በየሳምንቱ ጥቂት ጠጋ ይላሉ። አብሯቸው ይሠራ የነበረውን ሹፌር «ቀስ! ቀስ በል እንጂ!» እያሉ መግቢያ መውጫ ስላሳጡት ነው «አባ ቀስ» የሚለውን ስም ያወጣላቸው።

አራት ዓመት ፈጀ። በመጨረሻ ጆሮዋ የተቀደደው አሮጊት ዝሆን፣ የመንጋው መሪ፣ ራሷ መጥታ የመኪናውን መስታወት በኩምቢዋ ዳሰሰች። ጋሼ እያለቀሱ ቤት ገቡ። ዝሆኗን «እትዬ» ብለው ሰየሟት፤ «እትዬ ዛሬ አረፈዱ» ይሉ ነበር። ባለቤታቸው «ወይ ጉድ! እኔን አንቺ፣ ዝሆኗን እርስዎ!» እያሉ ይተርቧቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል ጎብኚ በእጁ ሊነካቸው እስኪደርስ ዝሆኖቹን ከመኪናው ሳይወርድ አየ። ጋሼም ተሸለሙ፤ የሽልማቱ ፎቶግራፍ ሳሎን ተሰቀለ።

አዳኞች በፒክአፕ መጡ።

ጋሼ ሬሳው ጋ የደረሱት ጥንብ አንሳዎቹን ተከትለው ነው። ጥርሱ ተነቅሎ ተወስዷል፤ ዝንቡ አያስቀርብም። እሳቸው ግን ያዩት መሬቱን ነበር። የሩጫ ዱካ የለም። አንድም ዝሆን አልሮጠም፤ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ጎማው ፈለግ አዙረው ነው የወደቁት። የእትዬ ዱካ ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ መኪናው ቆሞ የነበረበት ድረስ ሄዷል። ልትቀበላቸው ሄዳለች። ሹፌሩ እንደነገረን ጋሼ እዚያው አፈሩ ላይ ተቀምጠው «እኔ ነኝ አስሬ የሰጠኋቸው» አሉ።

በማግስቱ ቢሮ ገብተው፣ የተረፉትን ዝሆኖች መኪና እንዳይቀርባቸው፣ ፍርሃታቸውም እንዲመለስላቸው ለመኑ። ኃላፊው «አባ ቀስ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የለፉበትን ራስዎ ሊያፈርሱት? ጎብኚው ታዲያ ምን ሊያይ ይመጣል?» አሏቸው። ጋሼ እንቢ ብለው ብቻቸውን ወጡ። በዚያው ፒክአፕ ክላክስ እያስጮኹ፣ ቆርቆሮ እየደበደቡ፣ ወደ ሰማይ እየተኮሱ ሜዳውን አመሱት። የተረፉት ዝሆኖች ትንሽ ፈቀቅ ይሉና ቆመው ያዩዋቸዋል። ከዚያ ተመልሰው ይመጣሉ። የማንን መኪና ይሽሹ? ግልገሎቹ ከተወለዱ ጀምሮ የሚያውቁት ነው። ጋሼ ይህ እንደ ጥፋት ተቆጥሮባቸው ወደ በር ቲኬት ቆራጭነት ተዛወሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም በየቀኑ የሚገባውን መኪና እየቆጠሩ ተቃጠሉ።

ጡረታ ወጥተው የኖሩበት ቤት ጎማ ቤት ፊት ለፊት ነው። ውጭ መኪና ሞተሩ ሳይጠፋ ሲቆም፣ ምግብም ላይ ይሁኑ ከሰው ጋር፣ ብድግ ብለው በመስኮት ይመለከቱ ነበር። ፎቶግራፉን ከግድግዳው ያወረዱት በገዛ እጃቸው ነው። አንድ ጊዜ «ባልወዳቸው ኖሮ በሕይወት ይኖሩ ነበር» አሉን። ምን ብለን እናጽናናቸው? እውነት ነው እኮ!

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሐኪም ሲረዱ ቆይተው አልጋ ላይ ዋሉ። ባለፈው እሑድ ያ ሹፌር ሊጠይቃቸው መጣ። ጋሼ ደኅንነቱን እንኳ ሳይጠይቁ «ይሸሻሉ?» አሉት። እኛ ከበስተኋላ ሆነን በዓይናችን ለመንነው። ለእሳቸው ግን መዋሸት አልቻለም። «አባ ቀስ፣ አይሸሹም። ትናንትም መጥተው መስታወቱን ዳሰሱት» አላቸው። ጋሼ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ማክሰኞ ጠዋት በተወለዱ በስልሳ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኛን ሁለት እኅቶቻቸውን ትተው አልፈዋል። መኪና ሲሰሙ ቆመው የሚጠብቁ ዝሆኖችንም ትተዋል። ይህን ስንጽፍ መጽናኛ ፈልገን አላገኘንም፤ አገኘን ብለንም አንዋሻችሁም። ለቀስተኞች ሆይ፣ ወደ ፓርኩ የሚያደርሳችሁ ጉዳይ ቢኖርና ዝሆኖቹ ወደ መኪናችሁ ቢመጡ፣ ስለ ጋሼ ብላችሁ ጩኹባቸው፣ አባሯቸው። እንደማይሸሹ እናውቃለን። ግን እባካችሁ።

ፈጣሪ በሕይወት ሳሉ ያጡትን እረፍት ለነፍሳቸው ይስጥልን።