ባዶ የተውከው መስመር

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ዛሬ ድፍን አንድ ዓመት ሞላ። ጠዋት ሙት ዓመትህን አስበን፣ ምሳ አብልተን፣ እንግዶቹን ሸኝተን፣ ይኸው በረንዳው ላይ ካንተ ወንበር ተቀምጬ እጽፍልሃለሁ። ዕድሜህን ሙሉ ፖስታ ቤት የሠራህ ሰው ነህና አድራሻ የሌለው ደብዳቤ ስጽፍ ብታየኝ ምን እንደምትል አውቃለሁ። መነጽርህን ወደ ግንባርህ ገፋ አድርገህ፣ ይሄ የት እንዲደርስ ነው ትለኛለህ። እንጃ አባዬ። ብቻ የምነግርህ ትልቅ ነገር አለኝና የሚደርስ ከሆነ ይድረስህ።

ቤቱ ደህና ነው። የእማዬ ጉልበት ያው ነው፤ ሬዲዮህን ግን ማንም እንዲነካባት አትፈቅድም። ጠዋት ጠዋት ራሷ ትከፍተውና ዜናውን ሳትሰማ ትታው ወደ ጓዳ ትገባለች። ይቆረጥ እያልኩ ስከራከርህ የነበረው አቮካዶ ዘንድሮ የሰፈሩን ሰው ሁሉ የሚያበላ ፍሬ አፈራ፤ አንተ አሸንፈሃል፣ አልተቆረጠም። የሰፈራችን መንገድም በመጨረሻ ኮብልስቶን ተነጥፎበታል። ስንት ክረምት ጭቃውን ስትረግም ኖረህ፣ ልክ አንተ ስትሄድ መነጠፉ አናዶኛል። ልጄ ሶልያና ስድስተኛ ክፍል ገብታለች። የእጅ ጽሑፏ አሁንም እንዳንተው የዶሮ ጭረት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል የምትጽፋትን ወረቀት ታስታውሳለህ። ግማሽ ገጽ ቀደህ መሐሏን ታሰምርና በቀኝ በሕይወት ያሉትን፣ በግራ ያረፉትን በክርስትና ስማቸው ትጽፍ ነበር፤ ካህኑ በጸሎት እንዲያስባቸው። ከሁሉም በታች፣ ከቀኝም ከግራም ያልሆነች አንዲት መስመር ነበረች። «እናቴ» ትልና ባዶ ትቀጥላለች። ልጅ ሆኜ ለምን አትሞላትም ብዬ ጠይቄህ ስሟን እንደማታውቅ ነገርከኝ። ከፍ ስል ደግሞ አንድ እሑድ ሐይቁ ዳር ዓሣ እየበላን፣ ምንም ሳልጠይቅህ፣ «ትታኝ ሄዳ ከሆነስ? በሕይወት ትኑር አትኑር ሳላውቅ ከየትኛው ወገን እጽፋታለሁ?» አልከኝ። ከዚያ ወዲያው የዓሣው እሾህ እንዳይወጋኝ ታስጠነቅቀኝ ጀመር። እኔም ዝም አልኩ። እንዴት ያለ ዝምታ ነበር አባዬ፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

የምታውቀው በጣም ትንሽ ነበር። ይርጋለም ተወለድክ፤ የአራት ዓመት ልጅ ሳለህ አቶ መንገሻ የሚባሉ የመንግሥት ሠራተኛ ወስደው አሳደጉህ፤ እሳቸው ገና ስትቆረቆር ወደነበረችው ሐዋሳ ሲዛወሩ ይዘውህ መጡ። ትምህርት ቤት ሲያስገቡህ በራሳቸው ስም አስመዘገቡህና ጌታቸው መንገሻ ሆንክ። ስለ ወለደችህ መጠየቅ፣ አባትነታቸውን እንደመካድ ሆኖ ተሰማህ። እሳቸው ሲሞቱ ባለቤታቸው ቅር ይላቸዋል አልክ፣ እሳቸውም ሲያርፉ ልጃቸው እትዬ ጥሩወርቅ ቅር ይላቸዋል አልክ። በይሉኝታ ሰባ ዓመት ሞላህ።

አንተ ካረፍክ በኋላ፣ ልክ በአርባህ ማግስት፣ ዳዊትህ ውስጥ የመጨረሻዋን ወረቀት አገኘኋት። መስመሯ እንደ ወትሮው ባዶ ነበረች። ያኔ ነው የቆረጥኩት። ይህችን መስመር ሳልሞላ ሙት ዓመትህ ላይ አልቆምም ብዬ ለራሴ ተናገርኩ። ለእማዬ ስነግራት ወገቤን እስኪያመኝ ቢሮ ለቢሮ እንደምንከራተት ተነበየች። ትክክል ነበረች።

እኔ ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ውስጥ መስኮት ይዤ የተማሪ ማስረጃ የማይ ሰው፣ ከመስኮቱ ማዶ ቆሞ መለመን ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ቀበሌ፣ ልደትና ሞት ከሚመዘገብበት ክፍል ሄድኩ። ወረፋ የምታስተናግደው ወጣት ከፊቴ ያሉትን ሽማግሌ በሲዳምኛ አጫውታ ከሸኘች በኋላ ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች። ለካ ተማሪ ሳለች ለአንዲት ማኅተም ሦስት ቀን ያመላለስኳት ልጅ ናት። የሞት ምስክር ወረቀትህን በወቅቱ አለማውጣቴን በትሕትና ወቀሰችኝ። እውነቷን ነው፤ ሆን ብዬ ነው ያዘገየሁት። ወረቀቱ ካልወጣ የሞትክ አይመስለኝም ነበር። እዚያው ቆሜ ፎርሙን ሞላሁ። ከዚያ የአያቴን ጉዳይ ነገርኳት። እነሱ ዘንድ ያለው የቅርብ ጊዜ መዝገብ ብቻ እንደሆነ፣ በዚያ ዘመን የተወለደ ሰው ከተገኘ የሚገኘው በተጠመቀበት ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ መከረችኝ። ልጅህ መሆኔን የሚያሳይ ማስረጃና የጽሑፍ ማመልከቻ መያዝ እንዳልረሳ ደጋግማ አሳሰበችኝ። በሦስት ቀን የተቀጣችው ልጅ እኔን በአንድ ቀን ጨረሰችልኝ። ከዚያ ወዲህ መስኮቴ ላይ ጠባዬ እንደተሻሻለ ባልደረቦቼ ይመሰክራሉ።

ይርጋለም፣ ከከተማው ነባር ደብር የሄድኩት በአንድ ቅዳሜ ነው። ማመልከቻዬ ፊርማና ቀን ያለው፣ ጉዳዩ ተብሎ የተሰመረበት፣ የሚያኮራ ደብዳቤ ነበር። የደብሩ ጸሐፊ ሸምገል ያሉ ቄስ ናቸው፤ ጨርሰው አነበቡትና ጌታቸው መንገሻ የሚባል ሕፃን እዚያ እንዳልተጠመቀ በለሰለሰ አነጋገር ነገሩኝ። መዝገቡ የሚያውቀው የክርስትና ስምን ነው። እንዴት ጠፋኝ አባዬ? በየኅዳሩ ስትጽፈው ያየሁትን! ኃይለ ሚካኤል አልኳቸው። በጨርቅ የተጠቀለለውን መዝገብ አውጥተው መታወቂያህ ላይ ያለውን ዓመት ገለጡ፤ የለህም። የሚቀጥለውን ገለጡ፤ እዚያ ደግሞ ኃይለ ሚካኤሎች ሞልተዋል። የክርስትና አባቱ ማን ነበር ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም። ይህ የልደት ዘመን ከየት የመጣ ነው አሉኝ። ይህንንም አላውቅም። ጠይቄ እንድመለስ ነግረው መዝገቡን መልሰው ጠቀለሉት።

ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጬ ስናደድ ነው ያቺ ተረትህ ትዝ ያለችኝ። ትምህርት ቤት ሊያስገቡህ ሲወስዱህ ክንድህን በራስህ ላይ አሻግረህ ጆሮህን ንካ ተባልክ፤ አልደረስክም፤ ገና ነው ተብለህ ተመለስክ። በዓመቱ ሄድክ፣ አሁንም አልደረስክም። በሦስተኛው ጣትህ ጆሮህን ስትነካ እንግዲህ ሰባት ዓመቱ ነው ተብሎ ተጻፈልህ። ስንቴ ስቀንበታል! ዕድሜህን የቆጠሩልህ በክንድህ ነበር። ክንደ አጭር በመሆንህ ሁለት ዓመት እንደተቀነሰልህ ለማወቅ የይርጋለም መንገድ አስፈለገኝ።

የቀረው የክርስትና አባትህ ነበር። በሳምንቱ እዚሁ ሐዋሳ ዳር፣ ቱላ፣ እትዬ ጥሩወርቅ ቤት ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ልጃቸው ግቢ ውስጥ ጥላ ፈልጋ አስቀምጣቸው አገኘኋቸው። ከየት እንደምጀምር ጨንቆኝ ስለ ጤናቸው ሦስት ጊዜ ጠየቅኳቸው። በመጨረሻ አወጣሁት። ቅር ይላቸዋል ያልከው ሴትዮ እጄን ይዘው አለቀሱ። «እኔ እሱ እስኪጠይቀኝ ስጠብቅ፣ እሱ እኔን ላለማስከፋት ዝም ብሎ ነው ለካ» አሉ። መጠየቅ ያልፈለግኸው ነገሩ አቁስሎህ ይሆናል ብለው ነው እሳቸውም አፋቸውን የያዙት። ሁለታችሁም አንድ ከተማ ውስጥ፣ በየበዓሉ እየተጠያየቃችሁ! በጣም ተናደድኩባችሁ አባዬ፤ ከንዴቴም ሐዘኔ በለጠ።

እሳቸውም ቢሆኑ አንተ የአራት ዓመት ልጅ ሳለህ ገና ሰባት ዓመታቸው ነበር። እናትህ በእነሱ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር፤ ስሟን አያውቁትም፣ ሰው ሁሉ የሚጠራት የጌታቸው እናት እያለ ነበርና። አንድ ጠዋት ታማ በቃሬዛ ወሰዷት። ልጆቹ ሲጠይቁ አገሯ ሄደች ተባሉ። ትታህ ሄደች የሚለው ወሬ የተወለደው እንግዲህ ከዚህች ለልጆች ከተነገረች ማባበያ ነው። የክርስትና አባትህን ግን ጥርት አድርገው አስታወሱት። ወልዴ የሚባሉ ልብስ ሰፊ፣ በየዓመቱ በሚካኤል ቁምጣ ሰፍተው የሚያመጡልህ። ቁምጣዋ ሁልጊዜ ትሰፋህ ነበር አሉኝ።

ለሁለተኛ ጊዜ ይርጋለም ስሄድ እማዬ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ጠበቀችኝና አብራኝ ተሳፈረች። ቄሱ መታወቂያህ ላይ ካለው ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ገለጡ። ጣታቸው እየወረደ እየወረደ አንድ ቦታ ቆመ። ኃይለ ሚካኤል፤ በተወለደ በአርባ ቀኑ የተጠመቀ፤ የክርስትና አባት ወልዴ ልብስ ሰፊው፤ የአባት ስም ያልተሞላ፤ እናት እልፍነሽ በየነ፣ ስመ ክርስትናዋ ወለተ ሐና። ቄሱ ግን አልጨረሱም ነበር። ማንም ሳይጠይቃቸው ተነሥተው ፍትሐት የተደረገላቸው የሚጻፉበትን ሌላ መዝገብ አወረዱ። አንተ አራት ዓመት ከሆነህበት ጊዜ ጀምሮ ገጽ በገጽ ሄዱና ወለተ ሐና፣ የኃይለ ሚካኤል እናት የሚለውን መስመር አሳዩኝ። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ልጄ፣ የትም አልሄደችም። እዚሁ ናት» አሉኝ።

ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ፣ ከትልቁ ወይራ አጠገብ ወሰዱን። ምልክት የለም፤ ሣር ነው። ያም ሆኖ በዚያ በኩል ያረፉት የዚያ ዘመን ሰዎች እንደሆኑ ነገሩን። ያኔ ያልኩህን እዚህም ልድገመው። አልተተውክም አባዬ። እናትህ በአርባ ቀንህ ታቅፋህ በዚያ በር ገብታለች፣ አራት ዓመት አሳድጋሃለች፣ ከዚያ ሞት ነው የለያችሁ። ልጅ ሆኜ «እናቴ» እያልክ ስትጠራኝ የፍቅር አጠራር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ በዚያ ስም የምትጠራው ሌላ ሰው ስላልነበረህም ነው።

ቄሱ ሁለቱንም መስመር በእጃቸው ገልብጠው፣ ማኅተም አድርገው ሰጡኝ። ስንመለስ እማዬ ለካ ካሰበችው ሁለት ዓመት ለሚበልጥ ሽማግሌ እንደዳሯት ተናግራ እስከ ሐዋሳ ሳቀች። ከሞትክ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። እትዬ ጥሩወርቅም ስሟን ስነግራቸው እልፍነሽ፣ እልፍነሽ እያሉ እንደ አዲስ ነገር ደጋገሙት።

ዛሬ ጠዋት ግማሽ ገጽ ቀድጄ፣ ልክ እንዳንተ መሐሏን አስምሬ፣ ለካህኑ ሰጠሁ። እትዬ ጥሩወርቅን ከቱላ በባጃጅ አምጥተናቸው በእማዬና በእኔ መሐል ቆመው ነበር። ካህኑ ስሞቹን ሲያነቡ እትዬ ጥሩወርቅ እጄን አጥብቀው ያዙ። ወለተ ሐና ተባለ። ቀጥሎ ኃይለ ሚካኤል ተባለ። ሰባ ዓመት ተለያይታችሁ የኖራችሁ ሰዎች ስማችሁ በአንድ ትንፋሽ ተከታትሎ ሲጠራ ሰማሁ፤ አለቀስኩ፣ ግን ደስ ብሎኝ ነው።

የኅዳር ሚካኤል ወረቀት ከእንግዲህ የእኔ ሥራ ነው። በየዓመቱ ይርጋለም ሄጄ ያንን ሣር አያለሁ፤ ስሟ ያረፈበት ድንጋይም አስቆምላታለሁ። እኔ ያልቻልኩ ዕለት ሶልያና ትቀጥላለች፤ የሁለታችሁን የክርስትና ስም በቃሏ አስጠንቻታለሁ፣ በዚያ የዶሮ ጭረቷም ቢሆን ትጽፈዋለች። ከታች ባዶ መስመር አይኖርም። እናትህን ከየትኛው ወገን እንደምጽፋት አሁን አውቃለሁ አባዬ፤ ካንተ ጎን።

«እናቴ» የምትላት ልጅህ