በቢጫው ቦርሳ ላይ ስለታተመው ጽሑፍ

ለክቡር የትምህርት ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ፤
ከወንበርዎ ሳይነሡ ይድረስዎ።

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ በተለይም ጉሮሮዎን እጠይቃለሁ። ለችግረኛ ተማሪዎች የተመደበው ተጨማሪ በጀት በትምህርት ቤታችን ሜዳ ይፋ በሆነበት ዕለት አንድ ሰዓት ከሩብ ሙሉ ሲናገሩ ስለሰማሁ፣ ድምፅዎ ተመልሶልዎት ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ሰንብቻለሁ። እኔ የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ መምህርና የክፍል ኃላፊ ነኝ። ከመድረኩ በስተግራ ቆሞ ከሁሉ በላይ ያጨበጨበው ሰው ትዝ ካለዎት፣ እሱ እኔ ነኝ፤ እጄ እስከ ዛሬ ያፍራል።

ይህን ግልጽ ደብዳቤ በጋዜጣ የምጽፈው ለማመስገን ነው። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ እንዳይደባለቅብኝ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

፩. በጀቱ ለሚገባው ልጅ ብቻ እንዲደርስ በማሰብ ባለ አራት ገጽ ቅጽ ስለላኩልን እናመሰግናለን። «ቤተሰቡ ችግረኛ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?» የሚለው ጥያቄ በተለይ ጥልቅ ነበር። ልብስ አጥባ የምታድር አንዲት እናት ይህን ስጠይቃት ብዙ አሰበችና «ከመቼ ልበልህ፣ መምህር? መሀል ላይ ያቆመበትን ጊዜ አላስታውስም» አለችኝ። ለእንዲህ ያለ መልስ ቅጹ ላይ ቦታ ስላልተተወ፣ «ሌላ» በሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አድርጌ አለፍኩ።

፪. ስለ ርክክቡ ሥነ ሥርዓትም ምስጋናችን የላቀ ነው። የበጀቱ ደብዳቤ ገንዘቡ በቅድሚያ ለማጠናከሪያ ትምህርት እንዲውል ያዝዝ ነበር። ይሁን እንጂ ማጠናከሪያ ትምህርት ፎቶ ላይ እንደማይታይ፣ ቦርሳ ግን እንደሚታይ ባለሙያዎችዎ ስላስረዱን ነገሩ ቦርሳ ሆኖ አረፈው። አርባ ልጆች ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆመው መኪናዎን ጠበቁ። ከዚያም ጽሑፉ በደንብ እንዲነበብ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዲያዞሩ ተነገራቸው። ፎቶው ዛሬም በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ አለ፤ የእርስዎ ፊትና የአርባ ልጆች ጀርባ ይታይበታል።

፫. የቀለሙን ጥራት ሳላደንቅ ባልፍ ውለታ ቢስ እባላለሁ። በቢጫው ቦርሳ ላይ መዳፍ በሚያህሉ ጥቁር ፊደላት «ለችግረኛ ተማሪዎች በድጋፍ የተሰጠ» ተብሎ ታትሟል። ያቺ ልብስ አጣቢ እናት ጽሑፉን ለማስለቀቅ ሦስት ጊዜ አጥባዋለች። በሰፈሩ እሷ እጅ ገብቶ ያልለቀቀ እድፍ የለም ይባላል፤ የእርስዎ ግን አልለቀቀም።

ልጇ ተማሪዬ ናት። እኔ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሳልጨርስ መልሱን ስለምትናገር የክፍሉ ልጆች «ካልኩሌተር» ይሏት ነበር። ቦርሳውን ይዛ በገባች በማግሥቱ ስሟ «በድጋፍ» ሆነ። «በድጋፍ መጣች»፣ «በድጋፍ ሰሌዳ ትጥረግ» ይሏታል። መጀመሪያ ቦርሳውን ደረቷ ላይ አቅፋ መጣች፤ ቀጥሎ ገልብጣ ያዘችው፤ በኋላ ደብተሮቿን በፌስታል ይዛ መምጣት ጀመረች። ጽሕፈት ቤትዎ «ቦርሳውን ይዞ ያልተገኘ ተማሪ ከድጋፉ ይሰረዛል» የሚል ሰርኩላር ልኮልን ስለነበር፣ በተማሪዎቹ ሁሉ ፊት ቦርሳዋን ለምን እንዳልያዘች ጠየቅኋት። ፌስታሏን አንሥታ ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህም አልመጣችም።

፬. ይህኛው ምስጋና የሚደርሰው ለራሴ ነው። ባለሙያዎችዎ ቦርሳዎቹ ገበያ ወጥተው እንዳይሸጡ በሰጉበት ስብሰባ ላይ ከኋላ ወንበር እጁን ያወጣው ሰው እኔ ነበርኩ። «ይጻፍበት፤ ማንም አይገዛውም» አልኩ። ቃለ ጉባኤው «አንድ መምህር ባቀረቡት ገንቢ ሐሳብ መሠረት» ይላል። ያን ማታ ለባለቤቴ በኩራት ነግሬያታለሁ። እውነትም እስካሁን አንድም ቦርሳ አልተሸጠም።

ባለፈው እሑድ ቤታቸው ሄድኩ። ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች፤ እግሮቿ ይታዩኛል፣ እሷ ግን አልወጣችም። እናትየው ወንበሩን በቀሚሷ ጠርጋ አስቀመጠችኝና እንዲህ አለችኝ፤ «መምህር፣ እኛ ችግራችንን ለጎረቤት እንኳ ነግረን አናውቅም። እናንተ ልጄ ጀርባ ላይ ጻፋችሁት።» አልጮኸችም፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «እናንተ» ያለችው ትምህርት ቤቱን እንደሆነ ገብቶኛል። እኔ ነኝ ልላት አፌን ከፍቼ፣ ስለ ፈተናው ቀን አውርቼ ወጣሁ። ፊት ለፊት ያልደፈርኩትን እዚህ የምጽፈው ጋዜጣ የሚያነብላት ሰው አይጠፋም ብዬ ነው።

ክቡርነትዎ፣ ከክፍል የቀረ ተማሪ የሚሰረዝበት ደንብ በመጪው ዓርብ የልጅቷን ስም በቀይ እስክሪብቶ ከስም መጥሪያው እንድሰርዝ ያዝዘኛል። ስሟ ከተሰረዘ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና አትቀመጥም። እኔ አልሰርዝም። የሚመጣብኝን ቅጣት በደስታ እቀበላለሁ፤ እርስዎ ደግሞ ሰርኩላሩን እንዲያነሡልን፣ ከበጀቱ የተረፈውንም ለማጠናከሪያ ትምህርት እንዲያውሉልን እለምናለሁ። ፎቶ አንሺ መላክ አያስፈልግዎትም።

ለድጋፍዎ ጥልቅ አክብሮት ያለኝ፣ በጭብጨባዬም በሐሳቤም ከጎንዎ ያልተለየሁ፣ ለዚህም ይቅርታ የምጠይቅበት አፍ ያጣሁ፣

ገንቢ ሐሳብ ያቀረቡት መምህር

ማስታወሻ፦ እናትየው አጥባና አጣጥፋ የመለሰችልኝን ቦርሳ ከዚህ ደብዳቤ ቅጂ ጋር ወደ ቢሮዎ ልኬልዎታለሁ። አንድ ቀን ብቻ መኪናዎን ትተው፣ ጀርባዎ ላይ አንግተውት ከቢሮዎ በር እስከ ዋናው መንገድ እንዲሄዱ በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ ሞክሬዋለሁ። ከትምህርት ቤታችን በር እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሁለት መቶ እርምጃ ነው፤ የሚያውቀኝ ሰውም መንገድ ላይ አልነበረም። ስልሳኛው እርምጃ ላይ አውልቄ ደረቴ ላይ አቀፍኩት።