የ«ንጋት ጓድ»ን ፊት የሰጡን ዋና ሠዓሊያችን አረፉ

የሥዕል ታሪክ መጽሔት አሳታሚ ድርጅታችን፣ የ«ንጋት ጓድ» መጽሔት ዋና ሠዓሊ የነበሩት፣ ሁላችንም «እታለም» እያልን የምንጠራቸው ባልደረባችን ከረጅም ሕመም በኋላ ትናንት ጠዋት በመኖሪያ ቤታቸው ማረፋቸውን ለሠራተኞቹና ለአንባቢዎቹ ሲያስታውቅ ሐዘኑ ከቃል በላይ ሆኖበት ነው።

«እታለም» የሚለውን ስም ያመጡት የመጽሔቱ ደራሲ የሆኑት ታናሽ ወንድማቸው ናቸው። ወንድም ይጽፋሉ፤ እህት ይሥላሉ።

መጽሔቱ በተመሠረተበት ዓመት ጓዱ ክፉን የሚመክቱ ጀግኖች ስብስብ ብቻ ነበር። ቤተሰብ ያደረጉት እታለም ናቸው። ጋሻና ነበልባል የተባሉት ወንድምና እህት ጀግኖች በተኳረፉበት ዕትም፣ ደራሲው አንድም ቃል ሳያስገቡ፣ እሳቸው የሁለቱን ትከሻ አዙረው፣ በመካከላቸው ባዶ ወንበር አኑረው ኩርፊያውን አሳዩን። አንባቢም «መቼ ነው የሚታረቁት?» እያለ መግቢያ መውጫ አሳጣን።

ባለፈው ዓመት መግቢያ ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሞቹ ሕመሙ ወደ ኋላ እንደማይመለስ ነገሩን። ድርጅቱ ጠረጴዛቸውን ዝቅ አስደረገ፤ እጀታቸው ወፍራም የሆኑ ብሩሾች አስመጣ፤ የሥራ ሰዓታቸውን ቀነሰ። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። ቀለም የሚቀባው ባልደረባችን ክንዳቸውን ሊደግፍ ሲጠጋ፣ «ተው የኔ ጌታ፣ ያንተ እጅ ሲገባበት የእነ ጋሻ ፊት ይጠፋብኛል» አሉት። ከዚያ ወዲያ ከጎናቸው ቆሞ ከማየት በቀር ያደረግነው የለም።

በመጨረሻዎቹ ወራት የእርቁን ዕትም ጀምረው ነበር። ነበልባል በሩን ከፍታ ስትገባ ተሥላለች። ጋሻ ዞሮ የሚያያት ገጽ ላይ ግን ከአንገቱ መስመር በቀር የተሣለ የለም።

ዕትሙ ምን ይሆናል ብላችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም። ሌላ ሠዓሊ ብንጠቁም ደራሲው፣ «ቃሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጋሻ ሲታረቅ ምን እንደሚመስል የምታውቀው ግን እሷ ነበረች» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። እኛም አልደገምንም።

ልጃቸውን ለቀበሩት እናታቸው፣ ለታናሽ ወንድማቸውና ለሥራ ጓዶቻቸው ጽናቱን ይስጥልን። ይህን የምንለው ሌላ የምንሰጣቸው ስላጣን ነው።

የድርጅቱ ሠራተኞች በሙሉ