ድልድዩ ላይ ስለተከለከልኩት ሁለተኛ ምት

ለመዝናኛ ማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ
ቀን፦ ኅዳር 9
ጉዳዩ፦ የጨዋታ መሪው ውሳኔ ተሽሮ ምቴ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ መጀመሪያ ወረቀት ቆራጭ፣ ከአደጋው በኋላ አራሚ። ቅዳሜ ቅዳሜ በማዕከሉ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከፒንግ ፖንግ ክፍሉ አጠገብ፣ ከልጄ ጋር የጠረጴዛ ላይ የገጸ ባሕርይ ጨዋታ ስጫወት ሦስት ዓመት ሆኖኛል። እያንዳንዳችን አንድ ሰው ፈጥረን በእሱ ስም እንናገራለን፣ እንዋጋለን። ምቱ መሳቱንና ማግኘቱን የሚጣለው ባለ ቁጥር ዳይስ ይወስናል፣ ሕጉን ጨዋታ መሪው ያስከብራል። የእኔዋ የሃያ ዓመት ወታደር ናት፤ የምትይዘውም በሁለቱም ጫፉ ስለት ያለው ጦር ነው።

1. የሕጉ መጽሐፍ ግልጽ ነው። እንዲህ ያለ ጦር በሁለት እጅ ሲያዝ እንደ ሁለት መሣሪያ ይቆጠራል። ተዋጊው በአንድ ተራ በፊተኛው ጫፍ አንዴ፣ በኋለኛው ጫፍ አንዴ ይመታል፤ ለሁለተኛው ምት ከዳይሱ ቁጥር ላይ ሁለት ይቀነስበታል። በአንድ እጅ ከተያዘ አንዱ ጫፍ ብቻ ይሠራል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ስህተት ስለቅም የኖርኩ ነኝና ገጹን የሚያነብልኝ ሰው አያስፈልገኝም።

2. ባለፈው ቅዳሜ ወታደሯን ጠባብ ድልድይ ላይ አንድ ሽፍታ ከፊት፣ አንድ ከኋላ ያዟት። የፊተኛውን መትቼ ጣልኩት። ለኋለኛው ዳይሱን ሳነሳ ጨዋታ መሪው፣ ማለትም «አንቀጽ» የምንለው የኢንሹራንስ ጸሐፊ፣ ባዶውን የቀኝ እጅጌዬን አየና «ይተዉ እንጂ ጋሼ፣ በየትኛው እጅዎ ሊይዙት ነው? አንድ ምት ብቻ ነው ያለዎት» አለኝ። ቀኝ እጄን የበላው የወረቀት መቁረጫው ማሽን ነው። ወታደሯ ሁለቱም እጆቿ አሏት። የኋለኛው ሽፍታ ገፍቶ ገደል ከተታት። ልጄ «አባዬ፣ እንሂድ በቃ» ብላ ደብተሬን ሰበሰበችልኝ።

3. ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ራሰ በራ የሃምሳ አራት ዓመት ወንድ ሆኜ ሦስት ዓመት ሙሉ የሃያ ዓመት ሴት ነኝ ስል ይህ ሰው አንድ ቀን አልከበደውም። አብሮን የሚጫወተው ፋርማሲስት በጨዋታው ከአፉ እሳት ሲተፋ ክብሪትህን አሳየኝ አላለውም። የከበደው የእኔ እጅ ብቻ ነው! ደሜ ፈልቷል፤ ይህንን በትሕትና ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

ይባስ ብሎ የጨዋታ ክበባችን ኮሚቴ ሐሙስ ዕለት «ለምቾትዎ» የሚል ወረቀት በልጄ በኩል ላከልኝ። ባለ አንድ እጅ፣ ጋሻው ክንዱ ላይ የታሰረ አዲስ ተዋጊ አዘጋጅተውልኛል። ማን ጠየቃቸው? አንድ እጅ ቤቴም አለኝ። ሸሚዝ ስቆልፍ፣ ዳቦ ስቆርጥ፣ አውቶቡስ ላይ ስንጠለጠል ከእሱው ጋር ነኝ። ሁለት እጅ የሚኖረኝ ቅዳሜ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ እሱንም ልጄ ፊት ነጠቁኝ።

ስለዚህ ውሳኔው ተሽሮ ጨዋታው ከሁለተኛው ምት እንዲቀጥል፣ ያዘጋጁልኝንም ተዋጊ መልሰው እንዲረከቡኝ ትእዛዝ እንዲሰጥልኝ አመለክታለሁ። ውለታ አልጠየቅኩም፤ የሚቀነሰው ሁለትም ይቀነስብኝ። ዳይሱ ክፉ ከወደቀ ወታደሯ ትሙት፣ እቀብራታለሁ። በእኔ ክንድ መጉደል ግን አትሞትም።

ከቁጣዬ ጋር፣ ከሰላምታም ጋር
አመልካች፣ የማተሚያ ቤቱ አራሚ
(ፊርማ)