ሦስት ሰሃን እሸት

እሑድ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2001 ዓ.ም.

ታናሽ ወንድሜ ታዬ ከአገር ቤት የባቄላ እሸት ላከልኝ። መልእክተኛው ዛሬ ጠዋት ካዛንቺስ ድረስ አመጣልኝ። ከረጢቱን ስፈታው የማሳው ሽታ ቤቱን ሞላው። ለዚህስ ተመስገን ነው።

እኛ አገር የዓመቱ የመጀመሪያ እሸት ለብቻ አይቀመስም። አባታችን ለጎረቤት ሳይደርስ አንዲት ፍሬ እንኳ አያስነካንም ነበር። እንደ ወትሮዬ ሦስት ሰሃን ሞላሁ፤ ለእትዬ አስካለ፣ ለጋሽ ወልዴ፣ ለነሰብለ። አንዱን ይዤ በሩን ስከፍት ፊቴ የቆመው የቆርቆሮ አጥር ነው። ቤታቸው ፈርሶ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ከገቡ አራት ወር ሆናቸው። ረሳሁት አልልም። ማለቴ፣ በቃ፣ እግሬ ወጣ።

ጎተራ ልውሰድላቸው ብዬም አሰብኩ። ግን ስንተኛ ፎቅ እንደሆኑ እንኳ አላውቅም። እነሱም አንድ ቀን መጥተው አልጠየቁኝም።

ከሰዓት ታዬ ደወለ።

«እታለም፣ ከማን ጋር በላሽው?»

«ከነእትዬ አስካለ ጋር ነዋ። ምርቃታቸውን ብትሰማ። እጁ ይባረክ፣ ጎተራው አይጉደል አሉህ።»

«አሜን፣ አሜን» አለ ደጋግሞ። ደስ ሲለው እንዲህ ነው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ።

«እንግዲያው ለከርሞ እጥፉን ነው የምልከው» አለኝ።

ሦስቱ ሰሃን ጠረጴዛው ላይ እንዳሉ ናቸው። እኔም እስካሁን አልቀመስኩም።