ቀማሹ ልጅህ

ወንድሜ ጂንያን፣

እንደ አደራህ ልጅህን ዌንታኦን በሺያሜን ወደብ አገኘሁት። የሚሠራው ኦፒየም ለሚባለው የሚጨስ አደንዛዥ ዕፅ ነጋዴ ነው። ቀረጥ አንዴ ከተከፈለ ስለማይመለስ፣ ነጋዴው ከመክፈሉ በፊት ዕቃው ባዕድ ነገር ያልተደባለቀበት መሆኑን ማወቅ ይፈልጋል። ስለዚህ ዌንታኦ ከየሳጥኑ ቆንጥሮ ያጨስለታል። ትናንት አጠገቡ ቆሜ አሥራ አንድ ሳጥን ቆጠርኩ።

«አንተ ቀማሽ!» አለው አንድ ተሸካሚ፤ «ቀረጡን ካንተ ቢቀበሉ ይሻላቸዋል፤ ግማሹ ጭነት ደረትህ ውስጥ ነው!»

ሁሉም ሳቁ። ልጅህ ግን ጋያውን እንደገና እየሞላ «መምህሬ፣ እኔ እኮ ሱሰኛ አይደለሁም፤ ሥራዬ ነው» አለኝ። እኛ ዘንድ ሻይ ቀማሽ የቀመሰውን ይተፋል፤ ጢስ ግን አይተፋም።

ዝም ብዬ ማየት አቃተኝ። «እናትህ በጠና ታማለች» አልኩት፤ አርባ ዓመት ተማሪ ሲዋሽ የቀጣሁ ሰው! አለቀሰና «አብሬዎት እመጣለሁ» አለ። መርከባችን ከነገ ወዲያ ነው፤ እስከዚያ ሐሳቡን እንዳይለውጥ ከደጁ አልርቅም። ይህ የፖስታ ካርድ በዛሬው መርከብ ይቀድመናል።

ቦታ አለቀብኝ። ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ እስክንደርስም እባክህ አልጋዋ ላይ ተኝታ ትጠብቀን።

ዩዋን